የኋላ ጎማ የውስጥ ጎን

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አገልግለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ «በኛ ጊዜ» እያሉ። እኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። የምጽፈው የአራት ዓመት ነገር ነው፣ እሱም ጋራዥ ውስጥ። ግን በቀደም ቱታዬን አጥቤ መለስኩ፤ ሰኞ ቦሌ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ የሚሽከረከር ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከእንግዲህ ጎማ የምነካው የራሴን መኪና ስገዛ ነው፤ እሱ ደግሞ መቼ እንደሆነ እኔንጃ። ስለዚህ ከጋራዥ ጡረታ ወጥቻለሁ ማለት ይቻላል። አሁን ካልጻፍኩት ደግሞ አልጽፈውም። ራሴን አውቀዋለሁ፣ ነገር ቶሎ ይሰለቸኛል።

የጀመርኩት ገርጂ ነው። ቀን እሠራለሁ፣ ሲመሽ በኤክስቴንሽን አውቶሞቲቭ እማራለሁ። ባለቤቱ እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀመጠኝ። «ሴት ልጅ ፊት ለፊት ስትኖር ደንበኛ አይጮህም» አለ። ውሸት ነው፣ ይጮሃሉ። ዘይት ተቀየረ፣ የፍሬን ሸራ ተቀየረ እያልኩ ስምንት ወር ጻፍኩ። አንድ ቀን ቁልፍ አንስቼ የአንዷን መኪና ቡሎን ስፈታ አየኝና «ተይው፣ ጥፍርሽ ይሰበራል» አለኝ። ጥፍር አልነበረኝም። በሳምንቱ ለቀቅኩ።

ሁለተኛው ሰሚት ነው፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ። እዚያ ባለቤቱን ሁሉም ሰው «ኢንጂነር» ነው የሚለው፣ ስሙን ለማወቅ ራሱ ወር ፈጅቶብኛል። አዲስ የአላይመንት ማሽን አስገብቶ ነበር፤ አራቱም ጎማዎች ላይ መስታወት መሳይ ነገር ይታሰራል፣ ስክሪኑ የእያንዳንዱን ጎማ አቀማመጥ ያሳያል፣ የተስተካከለው አረንጓዴ፣ የተጣመመው ቀይ። ስክሪኑ እንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያነብ ሰው ፈለገ። ደሞዙ ከገርጂው ብዙም አይሻልም፣ ግን ቱታ ሰጠኝ። «ከጋሽ ሰይድ ጋር ትሠሪያለሽ። እሳቸው ያውቃሉ፣ አንቺ ታነቢያለሽ» አለኝ።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎማና የጎማ እግር ነው የሠሩት። እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። መጀመሪያ ቀን እጄን ዘርግቼ «ጤና ይስጥልኝ» ስላቸው የእጃቸውን አንጓ ሰጡኝ። ጋራዥ ውስጥ ሰላምታ እንደዚያ ነው፤ እጁ ግራሶ የነካ ሰው መዳፉን አጥፎ አንጓውን ያቀብላል፣ አንቺም አንጓውን ትይዣለሽ። ሙሉ መዳፉን የሚሰጥሽ ወይ ደንበኛ ነው ወይ ገና ሥራ ያልጀመረ ነው።

«አንቺ ነሽ ኢንጂነሯ?» አሉኝ።

«ገና ነኝ ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ይቀረኛል።»

«አብሽሪ፣ ጎማ እስከዚያ ይጠብቃል።»

ሰዎች ጋሽ ሰይድ ማሽኑን ይጠላሉ ይላሉ። አይጠሉትም፣ ግን የሚያስነሱት መጨረሻ ላይ ነው። መኪና ሲገባ መጀመሪያ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ጎማው ላይ ያስኬዳሉ፤ አንዴ ከውጪ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ከውስጥ ወደ ውጪ። ሲዳስሱ ጎማውን አያዩትም፤ አጥሩን ወይ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ነው የሚያዩት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ስልኬን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ።

«እጅሽን አምጪ» አሉኝ አንድ ቀን። «ምን ይልሻል?»

«ምንም።»

«አትሩጪ። እንደገና።»

ወደ ውስጥ ሲሄድ ለስላሳ ነው፣ ሲመለስ እንደ መጋዝ ጥርስ ይይዛል።

«አየሽ? ይሄ ጎማ ወደ ፊት እየሄደ ወደ ጎን እየተፋቀ ነው። ማሽኑ ይሄን በቁጥር ይነግርሻል። ግን ማሽኑ የሚነግርሽ መኪናው ዛሬ ቆሞ ያለውን ነው። እጅሽ የሚነግርሽ ሲሄድ የከረመውን ነው።»

ስለ ኋላ ጎማ ደግሞ የተለየ ሥጋት ነበራቸው። የፊት ጎማ ሲታመም መሪው ይጎትታል፣ ሹፌሩ ይሰማዋል፣ እየተሳደበም ቢሆን ይመጣል። የኋላው ዝም ብሎ ነው የሚያልቀው። ያውም ብዙ ጊዜ ከውስጥ በኩል፣ ማንም ጎንበስ ብሎ በማያየው። ስለዚህ ፎሳ ውስጥ ወርደው፣ ከመኪናው ሥር ሆነው፣ የኋላ ጎማን የውስጥ ጎን ሳይዳስሱ አንድም መኪና አያስወጡም። ከጉድጓዱ ሲወጡ እጃቸው እስከ ክርን ጥቁር ነው። የሥራ ወረቀቱ ላይ «በእጅ ተፈትሿል» የሚል ሳጥን አለ፤ ኢንጂነርን ለምነው ያስጨመሩት እሳቸው ናቸው።

ሌላው አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ለሁሉም ሹፌር አንድ ዓይነት። «ጎማው ተገልብጧል?»

ይሄን ለማያውቅ ልንገር። ጎማ በአንድ ጎኑ ሲበላ ብዙ ሹፌር አላይመንት አያሠራም። ጎሚስታ ጋ ይሄዳል። ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ያወጣና ገልብጦ መልሶ ይከተዋል። የተበላው የውስጥ ጎን ወደ ውጪ ይመጣል፣ ደህናው ወደ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ወር ይገፋል። ግን ጎማውን የበላው ነገር እዚያው ስላለ ደህናውንም ጎን መብላት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ከውጪ የምታይው አሮጌውን ቁስል ነው፣ አዲሱ ከውስጥ ነው። ጋሽ ሰይድ «ቁስሉን ሳያክሙ ፋሻ መቀየር» ይሉት ነበር። በጎሚስታ ቤት ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ፣ እውነቴን ነው።

ስለ እሳቸው አንድ ደስ የሚል ነገር ካልጻፍኩ ደግሞ አይሆንም። አንዲት ሴትዮ ከሳሊተ ምሕረት መጡ፣ የኋላ ሁለቱም ጎማዎች ከውስጥ በኩል ሙልጭ ብለዋል። ሦስት ጋራዥ ዞረዋል፤ ሦስቱም የፊቱን አስተካክለው ሸኝተዋቸዋል። እኔ በጉጉት ማሽኑን ላስነሳ ስል ጋሽ ሰይድ «እናት፣ የኋላውን ኮፈን ይክፈቱልኝ» አሉ። ተከፈተ። ስድስት ጀሪካን ውሃ፣ ጢም ያለ።

«ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው» አሉ ሴትየዋ። «የእህቴ ሰፈር ስለሚመጣ ከዚያ ነው የምቀዳው። ቤት ያለው እስኪያልቅ አላወርደውም፣ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ማን ይሸከማል?»

«እናት፣ እርስዎ የያዙት መኪና አይደለም፣ ቦቴ ነው!»

ሴትየዋ እስኪያለቅሱ ሳቁ። መኪናው ኋላው ተጭኖ ስለሚውል እግሮቹ ከላይ ወደ ውስጥ ይዘማሉ፣ ጎማው በውስጥ ጠርዙ ይሄዳል። ውሃው ወረደ፣ መኪናው ቀና አለ፣ ማሽኑ አረንጓዴ አሳየ። ያን ቀን ነው ይሄን ሥራ የወደድኩት። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ የኔ ነው።

ጉርሜሳ በአፕ የሚጠራ ታክሲ ነበር የሚነዳው። የሰሚት ልጅ ነው፤ ኮንዶሚኒየሞቹ የቆሙበት መሬት ላይ አባቱ ጤፍ ይዘሩ ነበር፣ ብሎክ ቁጥር ሳይሆን «ከበሬዎቹ ውሃ መጠጫ በላይ» እያለ ነው ቦታ የሚያሳይሽ። ደንበኛችን ነበር፣ ጨዋታ ያውቃል። አንድ ዓርብ ከሰዓት መጣ። ጋሽ ሰይድ ጁምዓ ሄደዋል፣ ኢንጂነር የለም፣ እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ፈተና አለብኝ።

«እህቴ፣ ፍሬን ስይዝ ኋላዋ ትሸሻለች፣ እንደ በቅሎ» አለኝ። «ደግሞ ቦሌ ሰው አለኝ፣ ቶሎ በይልኝ።»

«አንተም ትቸኩላለህ፣ እኔም እቸኩላለሁ፣ ተግባብተናል» አልኩት።

ቆሜ አየሁ። የቀኝ የኋላ ጎማ የውጪ ጠርዝ ተበልቷል። ማሽኑን አሰርኩ። የፊቱ ትንሽ ቀይ ነበር፣ ከጎን በረጅም ቁልፍ አስተካከልኩት። የኋላው አረንጓዴ። ለውጪው ጠርዝ በጭንቅላቴ ምክንያት ፈለግኩለት፤ አየር አንሶት ከርሟል፣ ወይ ጠርዝ ድንጋይ ይታከካል። ደብተሬ ላይ እንደዚያ የሚል ነገር ነበር። አየር ሞላሁለት። ፎሳ አልወረድኩም። ጎማው ተገልብጧል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ሳጥኑ ላይ ግን «በእጅ ተፈትሿል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ምልክት ይደረግበታላ።

ወረቀቱን ስጨርስ ጋሽ ሰይድ ገቡ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፣ ሽቶ ሽቶ ይላሉ፣ ፊታቸው በርቷል። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ጨበጥኳቸው።

«ምን ነበር ችግሩ?»

«አየር ነው ጋሼ። አላይመንቱ ደህና ነው።»

«ውስጡን ዳሰሽዋል?»

«አዎ።»

ወረቀቱን አዩት። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብለው ፈረሙ። ጉርሜሳ «ጁምዓ ሙባረክ ጋሼ!» ብሎ ጡሩንባውን ነፍቶ ወጣ። እኔ ፈተናዬን ደረስኩበት። ጥሩ ሠርቻለሁ፣ ኤ ነው ያገኘሁት።

በስድስተኛው ቀን ከጎሮ ሲወርድ፣ ዝናብ ላይ፣ ያ ጎማ ፈነዳ። መኪናው ዞሮ የመንገዱን መሀል ግንብ መታ። ተሳፋሪ አልነበረም። ጉርሜሳ ጉልበቱ ተሰበረ።

መኪናዋ በክሬን ተጭና ግቢያችን መጣች። ኢንጂነር ቆሟል፣ እኔም ቆሜያለሁ። ጋሽ ሰይድ ሰዓታቸውን ፈቱ፣ ቁጢጥ አሉ፣ የተቀዳደደውን ጎማ ዳሰሱ። የውስጥ ጎኑ ጎማ የሚባል ነገር የለበትም፣ ሽቦ ነው። እዚያው ጎን ላይ «ይሄ ወደ ውጪ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሯል። ተገልብጦ ነበር ማለት ነው። ከዚያ የኋላውን እግር በወፍራም ብረት ወዘወዙት፤ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ጎሚኒ፣ ያ የላስቲክ ማቀፊያ፣ ተበጥሷል። መኪናው ሲቆም እግሩ ቦታው ይቆማል፤ ፍሬን ሲያዝ ይከፈታል። ለዚህ ነው ማሽኑ አረንጓዴ ያለኝ። እጄን ብከት ኖሮ ሽቦው ይወጋኝ ነበር። በቃ፣ አሥር ሰከንድ።

«ይሄ ዓርብ ዕለት እዚህ አልነበረም እንዴ?» አለ ኢንጂነር። ወረቀቱን አወጣ። «ማነው ያየው? ፊርማው የማነው?»

ጋሽ ሰይድ አንዴ አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«የኔ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ «ለመናገር አፌን ስከፍት» ምናምን ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። አንድ ዓመት ይቀረኛል፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የጋራዡን ደብዳቤ እፈልጋለሁ፣ ሌላ ሥራ ፍለጋ አልዞርም፤ ይሄን ሁሉ እዚያው ቆሜ፣ በጣም ቶሎ አሰብኩ። ጋሽ ሰይድ በማግስቱ አልመጡም። ዕቃ ማስቀመጫቸው ውስጥ ካኪ ካፖርታቸው ብቻ ቀረ።

ማሽኑ የኔ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን የኋላ ጎማ ዳስሻለሁ፣ አንድም አላለፈኝም። ሰው «እጇ ያውቃል» ማለት ጀመረ፤ ከአያት ድረስ እኔን ብለው ይመጡ ነበር። በተመሰገንኩ ቁጥር ያስጠላኝ ነበር። አንድ ዓመት እንደዚያ ሠራሁ። ጉርሜሳ ጋ አልሄድኩም። ጋሽ ሰይድንም አልፈለግኳቸውም።

ከዚያ ተመረቅኩ፣ ኢንሹራንሱ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሥራው አደጋ የደረሰበትን መኪና አይቶ ምክንያቱን መጻፍ ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ «በሥራ ላይ ያጋጠመሽን ስህተት ንገሪን» አለችኝ።

«አንድ አብሬያቸው የሠራሁ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ» አልኩ። «ሳይፈትሹ ፈረሙ።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሦስቱም ጻፉ። ጎሚኒውንም፣ የተገለበጠውንም ጎማ አንድ በአንድ አብራራሁላቸው፤ በጣም ተደሰቱብኝ። ሥራውን ያገኘሁት በዚያ ታሪክ ነው። ዝም ማለቴን እንኳን ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከርሜ ነበር። ይሄንን ግን ማንም አላስገደደኝም።

ስለዚህ ቱታዬን ስመልስ ለኢንጂነር ነገርኩት። ሁሉንም። ስልኩን እያየ ሰማኝ።

«ቤዛ፣ አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል?» አለ። «ሰውየው እኮ በዚያ ላይ ደክመው ነበር። ማሽን እያለ በእጅ… በቃ፣ አለፈ። ቱታው ታጥቧል?»

«ታጥቧል።»

እውነት ስናገር አንድ ነገር የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። ምንም አልፈረሰም።

ትናንት ቅዳሜ ጋሽ ሰይድን ፈልጌ አገኘኋቸው። ሳሊተ ምሕረት፣ አስፋልት ዳር፣ አንድ የተቀደደ ጃንጥላ ሥር። ኮምፕሬሰር ይንጫጫል። አንድ ሹፌር ስልኩን እየነካካ ቆሟል፣ እሳቸው በብረት ጎማ ከቸርኬ እያወጡ ነው። ሲያዩኝ የእጃቸውን አንጓ ዘረጉልኝ። ያዝኩት።

«ኢንጂነሯ! ተመረቅሽ?»

«ተመረቅኩ ጋሼ።»

«ማሻ አላህ።»

«ምን እየሠሩ ነው?»

«አታይም? እገለብጣለሁ።»

ጎማውን አዞሩት፣ የተበላውን ጎን ወደ ውጪ። ሹፌሩን «የኋላ እግሩን አሳየው፣ ጎማው አይደለም የታመመው» አሉት። ሹፌሩ «እሺ አባቴ፣ ሌላ ጊዜ» አላቸው። አየር ሞሉለት፣ ሄደ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አልዳሰስኩም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ከፈነዳ በኋላ ነው ያወቁት?»

«አይ፣ ስፈርም።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እጄን ስዘረጋልሽ ሙሉ መዳፍሽን ሰጠሽኝ። ንጹሕ ነበር። የነጭ ጀለቢያዬ እጅጌ ላይ እንኳን የጣት ምልክት አልቀረም። ከፎሳ የወጣ ሰው መዳፉን ይሰጣል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

«ፈተና አለሽ። መኪናውን ልመልስ ብል በደንበኛ ፊት ዋሸሽ ማለቴ ነው። ከስግደት ነው የመጣሁት፣ ልቤ ለስልሶ ነበር። ነገ ሲያልፍ ጠርቼ አየዋለሁ አልኩ። ነገ አላለፈም።» ወደ መንገዱ አዩ፣ ጎማ ሲዳስሱ እንደሚያዩት። «የኔ ነው ስል ላንቺ ብዬ መሰለሽ? የኔ ነው።»

ማልቀስ ጀምሬ ነበር። እሳቸው አልወደዱትም።

«ጉርሜሳ ጋ ሄደሻል?»

«አልሄድኩም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«እኔ በየወሩ እሄዳለሁ። ጉልበቱ አይታጠፍም። ‹ጎማውን አስገልብጬ ሳልነግራችሁ ነው፣ እግሬን የሰበርኩት ራሴ ነኝ› ይላል። ብንጠይቀው ኖሮ ይነግረን እንደነበር፣ ብንዳስሰው ኖሮ ሳይነግረንም እንደምናገኘው ነገርኩት። አያምነኝም፤ ሽማግሌ ሊያጽናናኝ ነው ይላል። እሱ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ላይ ተፈትሿል ይላል።»

ሌላ መኪና መጣ። ጋሽ ሰይድ ክሪካቸውን አነሱ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ቁጢጥ አልኩና የኋላውን ጎማ የውስጥ ጎን ዳሰስኩ። ደህና ነበር። «ደህና ነው» አልኳቸው። «እሺ፣ ሂጂ በቃ» አሉኝ።

ሚኒባስ ያዝኩ። ሰሚት ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ፤ ረዳቱ «ቀድመሽ አትናገሪም?» ብሎ ተቆጣኝ። በኮንዶሚኒየሞቹ መሀል አልፌ፣ ከበሬዎቹ ውሃ መጠጫ በላይ የነበረውን ቦታ ጠይቄ፣ የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለ ከውስጥ። የከዘራው ድምፅ ሲሚንቶው ላይ ይሰማኛል። አንዴ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና። በሩ ድረስ ለመምጣት የፈጀበትን ያህል ጊዜ ቆሜ ማንንም ጠብቄ አላውቅም።

ከፈተ። ወዲያው አወቀኝ። «እህቴ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። መዳፌን አጥፌ አንጓዬን ሰጠሁት።

«ምን ነክተሽ ነው?» አለኝ።

«ጎማ» አልኩት፤ ከዚያው ጀምሬ ነገርኩት።